አፍ የሚነካበት ጠርዝ

ሶዶ፣ ኅዳር 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ጥሩወርቅ፣

ሳሮ፣ ደህና ነሽ ወይ ጥሩዬ? የመተሐራ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ሻይ ቤቱስ? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ያቺ ጥርስ ስታበቅል ያስቸገረችሽ ትንሿ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ቆሞ ዳሞታ ተራራ ጠዋት ጠዋት ጥርት ብሎ ይታያል።

ሁለት ደብዳቤ ጽፈሽልኝ አንዱንም ሳልመልስ መቅረቴን አውቃለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቴሌ ሄጄ እንዳልደውል፣ እዚያ ሳጥን ውስጥ ገብተሽ የምታወሪውን ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ሥራም በዝቶብኝ ነው። ዞኑ ከተቋቋመ ወዲህ ባለቤቴ ደገፉ ወደ ዞን መሥሪያ ቤት ተዛውሯል፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ኩባያዬን አይተው ወደዱትና እየተቀባበሉ አዘዙኝ።

እንዴት እንደምሠራው ጠይቀሽ ነበር፤ ልንገርሽ። ከገበያ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ኩባያ እገዛለሁ። ቅባቱ እንዲለቅ በአልኮል እወለውለዋለሁ። ከዚያ በዶሮ ላባና ጥጥ በጠቀለልኩበት የክብሪት እንጨት፣ በዘይት ቀለም አበባውንም ስሙንም ጥቅሱንም አሰፍርበታለሁ። ቀይ ቀለም ሲያልቅብኝ የሜላትን የጥፍር ቀለም እሰርቃለሁ፤ ልጅቷ "እማዬ፣ ጥፍሬን ለሰው ሻይ መጠጫ አደረግሽው እኮ" ትለኛለች። አፍ የሚነካበትን ጠርዝ ግን ሁለት ጣት ያህል ባዶ እተወዋለሁ፤ ሰው ቀለም እንዳይጠጣ ነው። አንድ ቀን ከደረቀ በኋላ ሀብታሙ ዳቦ ቤት እወስደዋለሁ፤ የጠዋቱ ዳቦ ወጥቶ ምድጃው እየበረደ ሲሄድ ያስገባልኛል። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ቷ ቷ እያሉ ተሰነጠቁ። ኋላ ትዝ አለኝና ከምድጃው አፍ አጠገብ ደርድሬ ቀስ በቀስ አሞቅኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም አልተሰነጠቀብኝ። ሀብታሙ "ይህን ደግሞ ማን አስተማረሽ?" ቢለኝ "እንዲሁ በልቤ መጣልኝ" አልኩት። ደንበኞቹ ዳቦው ቀለም ቀለም ይላል ብለው ሲያጉረመርሙ "እሱ የሶዶ አየር ነው" ይላቸዋል።

አሁን ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ለአረጋውያን እናቶች ቀን አርባ ኩባያ አዞኛል። ሊቀ መንበሯ ሳህሊቱ ናት፤ ሰው ታከብራለች፣ ግን ሁሉን ነገር ማወቅ ትወዳለች። በየኩባያው ላይ የአንዲት እናት መጠሪያ ይጻፋል። እንግዲህ በእኛ አገር ትልቅ ሴት በገዛ ስሟ መች ትጠራለች፤ "የአብርሃም እናት"፣ "የሐመልማል እናት" እያልኩ በየበኩር ልጃቸው ስጽፍ እውላለሁ።

እማዬ እኔ ቤት አንድ ሌሊት ብቻ አድራ ለምን ተመለሰች ላልሽው፣ ምንም አልሆነች። ዶሮዎቿ አሳስበዋት ነው መሰለኝ። ጥድፊያዋን ታውቂው የለ፤ ጥቅሏን እንኳ ረስታ ሄደች፤ እኔ ጋ ተቀምጧል።

የዓይኗ ነገር ግን ይኸውልሽ። የግራው አልቋል አለ ሐኪሙ። የቀኙን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሞራው ቢገፈፍ ታያለች። የሚገፍፉት የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ የሚመጡት ጥር 20 ሰኞ ነው፤ ሳምንት ብቻ ቆይተው ይሄዳሉ። ዳግመኛ የሚመጡት ለዓመቱ ነው፤ እስከዚያ የቀኙም እንደ ግራው ይሆናል አለኝ። ስለዚህ ከጥር 20 በፊት እኔ ቤት መግባት አለባት። አንቺ ብትጽፊላት ትሰማሻለች፤ የመንደሩ ወንጌላዊ ያነብላታል። ለምን እንደተመለሰች ግን አትጠይቂያት፤ ደስ አይላትም።

የምትወድሽ እህትሽ፣
አሳየሽ

*

መተሐራ፣ ኅዳር 25 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአሳየሽ፣

ሁላችንም ደህና ነን። ትንሿ ጥርሷን አውጥታ አሁን እኔኑ ትነክሰኛለች።

ኩባያሽን ከነአሠራሩ ስለጻፍሽልኝ ደስ ብሎኛል። ለኩባያው ሁለት ገጽ፣ ለእናታችን ጥቂት መስመር።

እንዳልሽኝ ለእማዬ ጻፍኩላት። አትጠይቂያት ያልሽኝን ግን ጠየቅኋት። ወንጌላዊው የጻፈልኝን እንዳለ ልገልብጥልሽ፦ "ልጄ ጥሩወርቅ፣ ዓይኔ ቢቀርም ቢጠፋም የእግዚአብሔር ነው። ሸክላውን የማየው በእጄ ነው። አሳየሽ ቤት እንግዳ ይበዛል፤ እኔ አልሄድም። ከሄድኩም ጣሳዬን ከቤቴ ይዤ ነው የምሄደው።"

ጣሳው ምንድን ነው? ሻይ ስቀዳ ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ነገር አወጣሁ አወረድኩ። እማዬ ዕድሜዋን በሙሉ የምትጠጣው በገዛ እጇ በሠራችው ዋንጫ ነው፤ ጣሳ የሚባል ነገር ቤቷ የለም።

እኔና አንቺ የሸክላ ሠሪ ልጆች ነን። ሌላ ሰው ይህን ቢያነብ "ታዲያ ምን አለበት?" ይል ይሆናል። አንቺ ግን አሁን ይህን ወረቀት የት እንደምትደብቂው እያሰብሽ ነው። ጪናሻ፣ የሸክላ ሠሪ ዘር፣ እያሉን ገበያ ላይ ውሃ ስንለምን የሚሰጡን በእንሰት ቅጠል ነበር፤ ጠጥተን ስንጨርስ ቅጠሉን ይጥሉታል። አንቺ ያኔ ስምንት ዓመትሽ ነው። "ትልቅ ስሆን ብዙ ብርጭቆ ይኖረኛል፤ ለመጣው ሁሉ እቀዳለሁ" አልሽኝ። እኔ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ዶሮዎቹን ተያቸውና እውነቱን ጻፊልኝ። እማዬ ዶሮ የላትም፤ አምና በበሽታ አልቀውባታል።

እህትሽ፣
ጥሩወርቅ

*

ሶዶ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ጥሩዬ፣

ሰላምታውን አሳጥሬ ልግባ፤ ካስረዘምኩት ሳልነግርሽ ወረቀቱ ያልቅብኛል።

ስለ ዶሮዎቹ ዋሸሁሽ። እንዳለቁ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ይኸውልሽ ምን ያህል እንደምጠይቃት።

እማዬን ሐኪሙ ካያት በኋላ ጓዳ አልጋ አንጥፌላት አደረች። በማግስቱ ጠዋት ሳህሊቱ ሦስት ሴቶች አስከትላ የኩባያ ናሙና ልታይ መጣች። አልጠበቅኋትም። እማዬን "አንቺ እዚሁ ጓዳ አረፍ በይ፣ እንግዶች ናቸው" አልኳት። እዚያ ላይ ነው የጀመረው። ማረፍ እንደማትፈልግ አውቃለሁ፤ ከእኔ ቀድማ ተነስታ ግቢውን ጠርጋ ጨርሳለች።

ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሁለት ኩባያ ደርድሬያለሁ። ሳህሊቱ አንዱን አነሳችና ወገቡ ላይ ያለውን ጌጥ በጣቷ ተከትላ ዞረችው። "ይህ መቀነት እንዴት ያምራል እባክሽ። የአያቴ እንስራ ላይ ልክ እንዲህ ያለ ነበር። ከየት አገኘሽው?" አለችኝ። መቀነቱን ታውቂዋለሽ፤ ሰንበር፣ በመሃሉ ነጠብጣብ፣ ደግሞ ሰንበር። እማዬ የበቆሎ ቆረቆንዳ እርጥቡ ሸክላ ላይ እያንከባለለች የምታወጣው ነው፤ እኔ በላባ እስለዋለሁ።

"መጽሐፍ ላይ አይቼ ነው" አልኳት።

ይህን ስል እማዬ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። በእጇ ለእኔ ያመጣችልኝን ትንሽ ገንቦ ይዛለች። ገንቦው ላይ ያው መቀነት አለ። መቀነት ሲሉ ሰምታ ልታሳያቸው ነው የወጣችው፤ ደስ ብሏት ነው የወጣችው። ሳህሊቱ ዞራ አየቻት፤ ልብሷን፣ ጭቃ የበላው ጥፍሯን፣ ገንቦውን።

"እኚህ ማን ናቸው?" አለችኝ።

ጥሩዬ፣ "ሸክላ የምትሸጥልኝ ሴት ናት" አልኩ።

ቆይ፣ አላለቀም። እማዬ ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። "አዎን እመቤቴ። ገንቦውን ይወስዱታል?" አለችኝ። እኔን፣ አንቱ ብላ። ሴቶቹ እያዩኝ ስለሆነ ዝም ብዬ ብቀበላት ይጠረጥራሉ ብዬ "ተወደደ" አልኳት። ቀነሰችልኝ። "አሁንም ተወደደ" አልኳት። አሁንም ቀነሰችልኝ። በስጦታ ባመጣችልኝ ገንቦ ከገዛ እናቴ ጋር ዋጋ ተከራከርኩ፤ እሷ ደግሞ እኔን ላለማጋለጥ ከልቧ ተከራከረችኝ።

ሳህሊቱ ክፉ ሴት አይደለችም። "ደክሟቸዋል፣ ውሃ ስጫቸው እንጂ" አለች። ፊት ለፊቴ አሥራ ሁለት ኩባያ አለ። ሴቶቹ ኩባያውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ማንም ምንም አላለኝም፤ መናገርም አያስፈልግም። በመዝሙር ጊዜ ሁላችን አንድ ነን፤ በውሃ ጊዜ ግን እንተዋወቃለን። ጓዳ ገብቼ ላባዬን የማጥብበትን የቲማቲም ድልህ ጣሳ ለቅለቅ አድርጌ በእሱ ሰጠኋት። ለማላውቀው ሰው ጠርዙን ሁለት ጣት ባዶ የምተወው እኔ፣ ለእናቴ ከንፈሩ ላይ ቀይ ቀለም የደረቀበት ጣሳ ሰጠኋት። ጠጥታ ጨረሰችው። ጣሳውን በእጄ አልመለሰችልኝም፤ እንደ ድሮው እንደ ገበያው መሬት አስቀመጠችው። "እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ" ብላ እንደ ማንኛውም ሻጭ በፊት ለፊት በር ወጣች።

ቶሎ ይሄዳሉ ብዬ ነበር። ስለ ቀለሙ ሲጠይቁኝ፣ ስለ ምድጃው ሲጠይቁኝ ቆዩ። እኔም እየሳቅሁ አስረዳኋቸው፤ እንዴት እንደሳቅሁ እንጃ። እማዬ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ትጠብቀኛለች ብዬ ነበር። ሸኝቻቸው ስሮጥ የለችም። በዚያ ዓይኗ መንገዱን አቋርጣ መናኸሪያ ድረስ ሄዳ፣ የአረካን ሚኒባስ ጠይቃ ገብታለች። ጥቅሏን አልረሳችውም። ሸክላ ሻጭ ሰው ጓዳ ውስጥ ጥቅል የላትም፤ ተመልሳ ልታነሳው አትችልም ነበር።

ጥቅሉን ፈታሁት። የተቀቀለ ቦዬ አለ፣ ዳጣ በትንሽ ቅል አለ፣ ከሥር ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ቆረቆንዳዋ። ደገፉ ኩባያ እንደምቀባ ነግሯት ስለነበር መቀነት እንዳወጣበት አምጥታልኝ ነው።

ደገፉ ማን እንደሆንኩ እያወቀ ነው ያገባኝ፤ እናቱ ግን የገበሬ ልጅ ናት ብሏት እውነቱን ሳታውቅ ነው የሞተችው። ይህን የጠዋቱን ጉዳይ እሱም አያውቅም። እማዬ የተጣመመ ገንቦ ከእሳት ሲወጣባት ምን ትል እንደነበር ታስታውሻለሽ? "ምክር እርጥብ ሳለ ነው፤ ከእሳት ከወጣ ይኑር።" እኔ ከእሳት የወጣሁ ይመስለኛል። አፌን ከፍቼ ይቅርታ ብላት እንኳ የሚቃና አይመስለኝም። አንቺ ለምኝልኝ። ለእኔ ብለሽ ሳይሆን ለዓይኗ ብለሽ። ጥር 20 ቅርብ ነው።

አሳየሽ

*

መተሐራ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1994 ዓ.ም.

አሳየሽ፣

ደብዳቤሽን ሻይ ቤት ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። አንዱ ሹፌር "እመቤት፣ ሻዬ ደብዳቤ ሆነ እንዴ?" እስኪለኝ ድረስ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ነበርኩ።

ልሰድብሽ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ጀምሬውም ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቀደድኩት። ትንሿን የወለድኩ ጊዜ እማዬ መጥቼ ላርስሽ ብላ ልካብኝ ነበር። እኔ "የመተሐራ ሙቀት አይስማማሽም፣ ትታመሚብኛለሽ" ብዬ መለስኩላት። አዝኜላት አልነበረም። እዚህ ከሶዶ የመጡ ሰዎች አሉ፤ አነጋገሯን ሰምተው፣ እጇን አይተው ያውቁብኛል ብዬ ነው። አንቺ የካድሻት ፊት ለፊት ነው፤ እኔ በፖስታ። ከአንቺ የምሻለው ማንም ስላላየኝ ብቻ ነው።

ስለዚህ አልለምንልሽም፤ የምለምንበት ንጹሕ አፍ የለኝም። በደብዳቤም እንዳትሞክሪው። የሚያነብላት ወንጌላዊው ነው፤ እሷ ደግሞ ያደረግሽውን ለአንድ ሰው አልተናገረችም፤ ለእኔም አልተናገረች። ጥቅሏን ይዘሽ ሂጂ። በእግርሽ ሂጂ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የአብርሃም እናት፣ የሐመልማል እናት እያልሽ አርባ ጽፈሻል። የእኛዋን ብትጽፊያት ማን ብለሽ ነው የምትጽፊያት? በመንደሩ የምትጠራበት ስም አንድ ብቻ ነው። ያ ስም ደግሞ ያንቺ ነው።

ጥሩወርቅ

*

ሶዶ፣ ጥር 8 ቀን 1994 ዓ.ም.

ጥሩዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ፤ ዘግይቼም ቢሆን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በበዓሉ ዋዜማ ነው። የበዓሉን ሥጋ እንኳ በወጉ ሳልቀምስ በማግስቱ ጥቅሏን ይዤ ሄድኩ። ከአረካ ወዲያ ያለውን መንገድ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ አንቺ ስላልሽኝ አይደለም፣ መኪና ስላልነበረ ነው።

ደጅ ቁጭ ብላ ጭቃ ታሻለች። የእግሬን ኮቴ ሰምታ "ማነው?" አለች። "እኔ ነኝ" አልኳት። "ግቢ" አለችኝ። አንቱ ትለኛለች ብዬ መንገዱን ሙሉ ስፈራ ነበር፤ አላለችኝም። ግን አዲስ ምንጣፍ አነጠፈችልኝ፤ ለእንግዳ እንደሚነጠፈው። ውሃ ስጪኝ ሳልላት ማንም ያልጠጣበት አዲስ ዋንጫ አውጥታ ሞልታ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ጠጥቼ እስክጨርስ ጠብቃ "የእኔ ውሃ ቀለም ቀለም አይልም አይደል?" አለችኝ። ስቃ ነው ያለችው ጥሩዬ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እማዬ ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ለምኑ? ገንቦ ሸጥኩልሽ፣ ገዛሽኝ።"

"እንደሱ አትበይኝ።"

"ዋጋ መከራከር እንኳ አትችዪም" አለችኝ። "ያን ገንቦ ሌላ ሰው ከዚያም በታች ይወስደው ነበር።"

ሁለት ቀን ከእሷ ጋር ሰነበትኩ። ጭቃ አብሬያት አሸሁ፤ እጄ አልረሳም፣ ወገቤ ግን ረስቷል። ገንቦ ስታነሳ ወደ ቀኝ አንገቷን ጠምዝዛ ለብርሃኑ እየሰጠች በዳበሳ ነው። እሳት ስታነድ የነጠላዋ ጫፍ ሲያያዝ አላየችውም፤ እኔ ነኝ በእጄ ያጠፋሁት። ያኔ ነው ስለ ጥር 20 የነገርኳት። ጭቃውን ሁለቴ አገላበጠችው።

"የማን ቤት ነው የምመጣው?" አለችኝ። "የእመቤቲቱ ቤት ነው የልጄ ቤት?"

"የልጅሽ ቤት ነው እንጂ።"

"የልጄ ቤት ከሆነ በፊት ለፊት በር ነው የምገባው። ሰው ባለበት። ጓዳ ተኝቼ በጓሮ ወጥቼ የማየው ዓይን ይቅርብኝ።"

እሺ አልኳት። ጥር 18 ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኅብረቱ ሴቶች አርባውን ኩባያ ሊረከቡ እኔ ቤት ይመጣሉ፤ በማግስቱ እሑድ ለእናቶቹ ይታደላል። የዚያን ቅዳሜ እንድትመጣ ነገርኳት። ልወስድሽ ልምጣ ብላት "መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ብቻዬን ወጥቼበት የለ?" አለችኝ። እመጣለሁም አላለች፣ አልመጣምም አላለች።

አሁን እዚህ አርባ አንደኛው ኩባያ ፊቴ ተቀምጧል። መጀመሪያ ሁለት ቃል ጽፌበታለሁ። ከዚያ መቀነቱን ስዬ ዘግቻለሁ። ካልተጠበሰ በአልኮል አንዴ ጠረግ ቢያደርጉት ድራሹ ይጠፋል፤ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ኩባያ ይሆናል። ጨርቁንም አልኮሉንም አጠገቤ አስቀምጫለሁ፤ ልዋሽሽ አልፈልግም። ሁለት ጊዜ ጨርቁን አንስቻለሁ። ሀብታሙ ነገ ከዳቦው በኋላ አምጪው ብሎኛል።

ጸልዪልኝ። ምን ብለሽ እንደምትጸልዪ እኔም አላውቅም።

አሳየሽ

*

ሶዶ፣ የካቲት 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ጥሩወርቅ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ለቆየሁበት ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ዛሬ የቆየሁት የምነግርሽ ስለበዛ ነው።

ያን ቅዳሜ አምስት ሴቶች መጡ። የፊት ለፊቱን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ሻይ በወተት አፍልቼ በተረፉኝ ኩባያዎች ቀዳሁላቸው። ሳህሊቱ አርባውን እያነሳች መጠሪያዎቹን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሴቶቹ እያንዳንዷን እናት እያነሱ ይጫወታሉ። "የአብርሃም እናት? እሷማ ኩባያውን ትደብቀዋለች እንጂ አትጠጣበትም" ይላሉ፣ ይስቃሉ። እኔ አልሰማቸውም፤ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። አትመጣም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። እውነቱን ልንገርሽ ካልኩ፣ ተስፋ ስቆርጥ ቀለል አለኝ። ይህ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ያሳፍረኛል።

ከዚያ መጣች። ነጠላዋን አጥባለች። ከወንጌላዊው ቤት ያገኘችውን የዘይት ጣሳ በእጇ ይዛለች። ደፉ ላይ ቆመች።

"ሸክላ ሻጯ መጡ" አለች ሳህሊቱ።

ለአሥር ቀን ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋብኝ። ተነስቼ አርባ አንደኛውን ከመደርደሪያው አወረድኩ፣ ሻይ ሞላሁበት፣ በሁለት እጄ ሰጠኋት። ጣሳዋን በብብቷ ያዘችና ኩባያውን ተቀበለች። ሳህሊቱ ስታነብ ስለነበር አፏ ቀጠለ፤ "የአሳየሽ እናት" ብላ አነበበች። ቆም አለች።

"የየትኛዋ አሳየሽ?"

"የእኔ" አልኩ። "እናቴ ናት። ያን ቀን ዋሽቻችኋለሁ። መቀነቱም ከመጽሐፍ አይደለም፣ የእሷ ነው።"

እማዬ ቁጭ አለችና ሻይዋን ጠጣች፤ ፉት ስትል ይሰማል። አንዷ ልጄ አሞታል ብላ ወጣች። ሁለቱ ሻያቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ ወተቱ ቆዳ አበጀ። ሳህሊቱ የራሷን ጨረሰች። ስሸኛት የግቢው በር ላይ "ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ። መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች፤ አወቀችው መሰለኝ።

እሑድ ዕለት አርባው ታደለ። ሰባት እናቶች ኩባያቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ሄዱ። የሳህሊቱ እናት ከሰባቱ አይደሉም። ሰኞ ሀብታሙ ምድጃው ተበላሽቷል አለኝ፤ ዳቦው ግን አሁንም በየጠዋቱ ትኩስ ነው። ከዞን ታዞ የነበረው ሃያ ኩባያም ቀርቷል። ለደገፉ ሁሉንም ነገርኩት፤ በማግስቱ ሄዶ ለእማዬ ሆስፒታል ወረፋ ያዘላት። አንዳንዴ ዝም ብዬ ብጠርገው ኖሮ ብዬ አስባለሁ፤ ከዚያ እንደዚያ በማሰቤ አፍራለሁ። ይህ ነገር ቶሎ የሚለቅ አይደለም ጥሩዬ።

እማዬ ረቡዕ ሞራው ተገፈፈላት። ሐሙስ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየችው የገዛ እጇን ነው። ከዚያ ሜላትን አየቻትና "ይቺማ ቁርጥ ጥሩወርቅን" አለች። እኔን ቆይታ ነው ያየችኝ። "ሸብተሻል" አለችኝ።

ጣሳዋ ጥቅሏ ውስጥ አለ። አላወጣችውም፣ አልጣለችውምም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ትናንት ኩባያዋን አምጪልኝ አለች። መስኮቱ ጋ ወስዳ ዞር እያደረገች አየችው፤ ያን ቆረቆንዳ እንደምታንከባልለው አድርጋ።

"መቀነቱ አልገጠመም" አለችኝ። "የጀመርሽበትና የጨረስሽበት አልተገናኘም። መጨረሻው ላይ እጅሽ ፈርቷል።"

እውነቷን ነው። ሁለት ቃሉን ከጻፍኩ በኋላ ነበር የዘጋሁት። "ሌላ እሠራልሻለሁ፣ ይህን ላጥፋው" አልኳት።

"ከእሳት ወጥቷል?"

"ወጥቷል።"

"እንግዲህ ይኑር" አለችና ውሃ እንድቀዳላት ኩባያውን ዘረጋችልኝ።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። አንቺ ስለ ሙቀቱ የጻፍሽልኝን እኔ አልነገርኳትም፤ ምን ትላለች ብዬ ላልነግራት ወስኜ ነበር። ለጥሩወርቅ ምን ልበልልሽ ብላት ግን እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለችኝ፤ እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩ፦ "ሙቀት አይጎዳኝም፤ ዕድሜዬን ከእሳት ጋር ነው የኖርኩት። አሁን ደግሞ መንገዱን አያለሁ።"

እህትሽ፣
አሳየሽ